ኤልያስ ቢከርማንና የነገሥታት ደብዳቤዎች

ኤልያስ ቢከርማን የተባለው የታሪክ ሊቅ በአገራችን አንባቢዎች ዘንድ እምብዛም የሚታወቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የመረመረው ዘመን፣ ማለት አይሁድ በፋርስና በግሪክ ነገሥታት ሥር የኖሩበት ዘመን፣ ከመጽሐፈ ዕዝራ፣ ከትንቢተ ዳንኤልና ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። ይልቁንም በጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ለምንገኝ ሰዎች የምርመራው መንገድ ልብ የሚስብ ነው፤ ቢከርማን የጥንቱን ታሪክ ያነበበው እንደ መዝገብ ቤት ወረቀት፣ ማን ለማን ጻፈው ብሎ እየጠየቀ ነውና።

የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ዛሬ የሞልዶቫ ዋና ከተማ በሆነችውና ያን ጊዜ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ በነበረችው በኪሺኔቭ ነው። በሩስያ ዋና ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲማር መምህሩ ስመ ጥሩው ሚካኤል ሮስቶቭትዜፍ ነበር። አብዮቱ ከተነሣ በኋላ መምህሩም ደቀ መዝሙሩም ተሰደዱ። ቢከርማን በርሊን ገብቶ በ1926 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ የጻፈውም የሮማው ቄሣር ካራካላ በ212 ለግዛቱ ነዋሪዎች የሮማ ዜግነት ስለ ሰጠበት ዐዋጅና ይህንኑ ይዟል ስለሚባለው አንድ የፓፒረስ ቁራጭ ነው። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ ደግሞ እንደ ገና ተሰዶ በ1942 አሜሪካ ደረሰ። በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከ1952 እስከ 1967 የጥንት ታሪክ አስተማረ። በገባበት አገር ሁሉ የአገሩን ቋንቋ የምርምሩ ቋንቋ አደረገው፤ የስሙ አጻጻፍ እንኳ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ መጻሕፍቱ ላይ የተለያየ በመሆኑ የመጻሕፍት ቤት ሠራተኞችን ሳያስቸግር አልቀረም።

የምርመራውን መንገድ ለማስረዳት በ1946 ስለ ቂሮስ ዐዋጅ ያሳተመውን ጽሑፍ መመልከት ይበቃል። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ባቢሎንን ከያዘ በኋላ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ እንደ ገና እንዲሠራ ፈቀደ። መጽሐፈ ዕዝራ ይህን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ያነሣዋል። በምዕራፍ 1 ያለው በዕብራይስጥ የተጻፈ ሲሆን የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ከሕዝቡ የወደደ ሁሉ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲወጣ ያሳስባል። በምዕራፍ 6 ያለው ግን በአራማይስጥ ነው፤ ከምርኮ ስለሚመለሰው ሕዝብ አንዲት ቃል ሳይናገር የሕንጻው ከፍታ 60 ክንድ ወርዱም 60 ክንድ እንዲሆን፣ ወጪው ከንጉሡ ቤት እንዲከፈል፣ ናቡከደነፆር የወሰደውም የወርቅና የብር ዕቃ እንዲመለስ ያዝዛል።

ብዙ ሊቃውንት ሁለቱ አልተስማሙምና አንዱ፣ በተለይም የመጀመሪያው፣ ኋላ የተፈጠረ ነው ብለው ነበር። ቢከርማን ግን አለመስማማታቸውን ራሱን ማስረጃ አደረገው። አንደኛው በዐዋጅ ነጋሪ አፍ ለሕዝብ የተነገረ፣ ሁለተኛው ለግምጃ ቤት ሹማምንት የተጻፈ ማስታወሻ ነው አለ። ለሕዝብ የሚነገር ዐዋጅ የግንቡን ስፋት አይዘረዝርም፤ ለግምጃ ቤት የሚጻፍ ትእዛዝም ምርኮኛውን ወደ አገርህ ተመለስ አይልም። ነጋሪት እየተጎሰመ ዐዋጅ ሲነገር በኖረበት አገር ላለ ሰው ይህ ነገር ረጅም ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም። አሳቡን እስከ ዛሬ ያልተቀበሉ ሊቃውንት አሉ፤ ነገር ግን ከእርሱ ወዲህ ሁለቱን ቃል የሚመረምር ሁሉ የጠየቀውን ጥያቄ ሳይመልስ ሊያልፍ አልቻለም።

በዚሁ መንገድ በ1935 አይሁዳዊው ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቭዮስ የመዘገበውን አንድ የንጉሥ ደብዳቤ መርምሯል። (ይህ ዮሴፍ በግዕዙ ዜና አይሁድ ከምናውቀው ከዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ጋራ መምታታት የለበትም፤ ዜና አይሁድ ከብዙ ዘመን በኋላ በዕብራይስጥ ተጠናቅሮ በዐረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ የተተረጎመ ነው።) ደብዳቤውን የጻፈው የሶርያው ንጉሥ ሣልሳዊ አንጥያኮስ ሲሆን ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ገደማ፣ ኢየሩሳሌምን ከግብፅ ነገሥታት በወሰደ ጊዜ ነው። አይሁድ በአባቶቻቸው ሕግ እንዲኖሩ፣ ለቤተ መቅደሱ የሚመጣው እንጨት ቀረጥ እንዳይከፈልበት፣ የከተማይቱም ነዋሪዎች ለሦስት ዓመት ከግብር ነጻ እንዲሆኑ ጦለሚዎስ ለተባለ ሹም ያዝዛል። ሐሰተኛ ጽሑፍ ነው ይባል ነበር። ቢከርማን ግን አነጋገሩን በድንጋይ ተቀርጸው ከተገኙት ከሌሎች የሶርያ ነገሥታት ደብዳቤዎች ጋራ እያስተያየ እውነተኛ መሆኑን አስረዳ። በ1960 በቤትሳን አጠገብ የተገኘ ጽሑፍ ይህ ንጉሥ በዚያ አገር ጦለሚዎስ ከተባለ ሹም ጋራ በእርግጥ ይጻጻፍ እንደ ነበረ አሳይቷል።

ስሙን ከሁሉ ይልቅ ያስጠራውና ያስወቀሰውም «የመቃብያን አምላክ» የተባለው በ1937 የወጣው መጽሐፉ ነው። (በእኛ ዘንድ የሚነበቡት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ከግሪኩ የተለዩ ስለ ሆኑ በዚህ የምንጠቅሰው የግሪኩን ነው።) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 የሣልሳዊ አንጥያኮስ ልጅ ራብዓዊ አንጥያኮስ ግዝረትንና ሰንበትን ከለከለ፤ በቤተ መቅደሱም ባዕድ አምልኮ አቆመ። እንግዲህ ብዙ አማልክት የሚያመልኩ የግሪክ ነገሥታት የሌላውን ሕዝብ አምልኮ መከልከል ልማዳቸው ካልነበረ፣ አባቱም ያንኑ ሕግ በደብዳቤ ካጸና፣ ልጁ ስለ ምን አፈረሰው? ቢከርማን የሰጠው መልስ አሳቡ ከንጉሡ ሳይሆን ከኢየሩሳሌም፣ ከሊቀ ካህናቱ ከምኔላዎስና ከወገኖቹ የመነጨ ነው የሚል ነው። እነዚህ ሰዎች አይሁድን ከጎረቤቶቻቸው የሚለየውን ሥርዐት አስወግደው ሃይማኖቱን ሊያድሱ ፈለጉ፤ ንጉሡም ሥልጣኑን አዋሳቸው አለ። በ19ኛው ምዕት ዓመት በጀርመን ከተነሡት አይሁዳውያን የሃይማኖት አዳሾች ጋራም አመሳሰላቸው።

መጽሐፉ የታተመው በበርሊን፣ ሾከን በተባለው የአይሁድ መጻሕፍት አሳታሚ ነው፤ የናዚ መንግሥት ይህን ድርጅት በማግሥቱ ዓመት ዘጋው። ስደት መነሻው ከተሰዳጆቹ ሊቀ ካህናት ምክር ነው የሚል መልስ በዚያ ዓመት በዚያች ከተማ ማሳተም ደፋርነት ነበር። ክፉ ልብ ያለው አንባቢ ጥፋቱን ከአሳዳጁ አውርዶ በተሰዳጁ ላይ ሊጭንበት ይችል ነበርና። ይስሐቅ ሃይነማን የተባለው ሊቅ በ1938 ተቃወመው፤ በኢየሩሳሌም በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቪክቶር ቸሪኮቨርም ዐመፁ ከክልከላው ይቀድማል፣ ንጉሡም ሕጉን የከለከለው ዐመፁን ለመስበር ነው ሲል ሌላ መልስ ሰጠ።

እኛ እንደምናየው ቢከርማን በምኔላዎስ ላይ ያቀረበው ክስ ባዶ አይደለም። በሁለተኛው መጽሐፈ መቃብያን በገባ በአንድ የንጉሥ ደብዳቤ ላይ ጉዳዩን ለንጉሡ ያስረዳ ምኔላዎስ መሆኑ ተጽፏል፤ ያው መጽሐፍ ሉስያስ የተባለው ሹም ምኔላዎስን የክፉው ሁሉ ምክንያት ነው ብሎ እንዳስገደለው ይናገራል። ነገር ግን ሥርዐት ይታደስ ብሎ በመምከርና ልጁን የገረዘ ይሙት ብሎ በማዘዝ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ነው። የክልከላው ዐዋጅ ቃሉ እንደ ተጻፈ አልተረፈም። ቢከርማን በቂሮስና በሣልሳዊ አንጥያኮስ ነገር ሰነዱ በእጁ ነበረ፤ እዚህ ላይ ግን የጠፋውን ደብዳቤ ከመካሪው ጠባይ ተነሥቶ ለመገመት ተገደደ። ማኅተሙም ወታደሩም የንጉሡ ሆኖ ሳለ የመካሪው በደል ያተመውን ሰው ከተጠያቂነት ያወጣዋል ብለን አናምንም።

ሹሙ ሄልዮዶሮስ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ገንዘብ ሊወስድ መጥቶ በሰማያዊ ፈረሰኛ ተመታ ስለሚለው ታሪክም ቢከርማን ጽፏል፤ ከተአምሩ በስተኋላ የሒሳብ ቁጥጥር ጉዳይ እንዳለ ገምቶ ነበር። በ2007 የታተመ በድንጋይ የተቀረጸ ጽሑፍ ንጉሥ ሰሌውቆስ ራብዓዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ178 ለዚሁ ለሄልዮዶሮስ የጻፈው ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ አገር ባሉት ቤተ መቅደሶች ላይ አንድ ሹም መሾሙን ይገልጻል። ቢከርማን ግን ይህን ሳያይ በ1981 በእስራኤል አገር ዐረፈ።

በ1959 ስለ ሰብዐ ሊቃናት ትርጉም ያሳተመውም ጽሑፍ ሊዘነጋ አይገባም፤ የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከዚሁ ከግሪኩ ነውና። ተርጓሚዎቹ ቃልን በቃል መከተላቸውን ቢከርማን ግሪክ ካለማወቅ የመጣ ጉድለት አላደረገውም፤ በጽሕፈት ቤትና በገበያ ውል የሚያስተረጉሙ አስተርጓሚዎች ልማድ ነው አለ። አይሁድ በግሪክ ዘመን እንዴት እንደ ኖሩ የሚተርከው ትልቁ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1988 ነው። በዕብራይስጥ ተጽፎ በግዕዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተረፈው ኩፋሌም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የሌሎችን ደብዳቤ ሲያነብ የኖረው ሊቅ የገዛ ወረቀቶቹ ከሞቱ በኋላ እንዲጠፉ ተናዞ ነበር፤ ኑዛዜውም ተፈጽሟል።