የዋግ ዜናና የጋዜጠኝነት ከፍተኛ ትምህርት

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫና ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት የታወቀች ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን ገበያው የሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የወሬም መለዋወጫ ነበር። አዋጅ በነጋሪት ይነገራል፤ የሩቅ አገር ሁኔታ ከሲራራ ነጋዴ ይሰማል። ሰሚው ነጋሪውን በመልክም በጠባይም ስለሚያውቀው ወሬውን ከመቀበሉ በፊት መዝኖ ነው። የዘመናዊው መገናኛ ብዙኃን ታሪክ ግን ነጋሪው ከሰሚው እየራቀ የሄደበት ታሪክ ነው። ይህን ርቀት የሚሞላው በትምህርት የተገራ ሙያ ብቻ ነው።

መሣሪያው ቀድሞ መጣ። የወንጌል ድምፅ ራዲዮ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭቱን ጀመረ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ተመረቀ። ማሠራጫዎቹን የሚተክሉና የሚጠግኑ መሐንዲሶች በኮሌጅ ሲማሩ፣ በማይክሮፎኑ ፊት የሚቀመጠው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙያውን የተማረው እዚያው በሥራው ላይ፣ ዕድል ሲያገኝም በውጭ አገር አጭር ኮርስ ነበር።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በወሎ ደጋ ታየ። በረኀቡ ዘመን ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለምም የወሎን እልቂት ዐወቀ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የድግስ ትዕይንቶች ጋር ተቀነባብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ለአንዱ ተመልካች የእርዳታ ጥሪ የነበረው ሥዕል በመቀስና በማጣበቂያ ለሌላው የፖለቲካ ክስ ሆነ። የምስል ቅንብር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ አስረጅ አይገኝም።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ታሪኩ ተደገመ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ አገሪቱ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት ስታከብር ቴሌቪዥኑ ወደ ባለ ቀለም ሥርጭት ተሸጋገረ። በዚያው ወቅት ከዋግና ከአካባቢው የተሰደደው ሕዝብ ከሰቆጣ በስተምሥራቅ በምትገኘው ኮረም ተጠልሎ ይረግፍ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክ የተባለው እንግሊዛዊ ዘጋቢና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያዘጋጁት ዜና በቢቢሲ ቀርቦ ዓለምን አንቀጠቀጠ። ባለ ቀለሙ መሣሪያ በአገር ውስጥ ነበረ፤ የዋግን ገበሬ ሞት ለዓለም የነገረው ግን ሌላ ሆነ። ለዚህ አንደኛው ምክንያት የሳንሱር ሰንሰለት እንደ ነበረ የማይካድ ነው።

ሳንሱር በጥቅምት 1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ሕግ በሕግ ደረጃ ሲቀር ሌላው ጉድለት ጎልቶ ወጣ። ጋዜጦች እንደ እንጉዳይ ፈሉ፤ የሠለጠነ አዘጋጅ ግን ጥቂት ነበር። ቀድሞ ዲፕሎማ ይሰጥ የነበረው የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ተቋም በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ደግሞ በኖርዌይ ድጋፍ የጋዜጠኝነትና የመገናኛ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ቴሌቪዥን ከተመረቀ አርባ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ ሥራውን በጀመረበት ዘመን መሣሪያው እንደገና ተለወጠ። ፊልም ለቴፕ፣ ቴፕ ለኮምፒዩተር፣ ኮምፒዩተርም ለእጅ ስልክ ቦታውን ለቀቀ። መሐንዲስ እንደሚያውቀው የመሣሪያ ዕድሜ አጭር ነው፤ የመሣሪያው መሠረት የሆነው ሕግ ግን አይሻርም። በጋዜጠኝነትም እንዲሁ ነው። ካሜራ መያዝ በሳምንታት ይለመዳል፤ ሳምንታት የማይበቁት ወሬን ከምንጩ ማጣራት፣ ቁጥርን መመርመር፣ የምስል ቅንብር እውነትን እንዴት እንደሚያቃና ወይም እንደሚያጣምም ማወቅ፣ ከባለሥልጣንም ከወገንም ጫና ራስን መጠበቅ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ትርጉም የሚኖረው በእነዚህ ላይ ሲቆም ነው።

ለዋግ ሌላም ጉዳይ አለ። የኽምራ ሕዝብ የአገው ወገን የሆነው ኽምጥኛ አለው፤ የአማራ ክልል መገናኛ ብዙኃንም በዚሁ ቋንቋ ያሠራጫል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአካባቢው በተካሄደው ጦርነት የስልክ መስመር ተቋርጦ ብዙ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል፣ የታመነ ዜና ማጣት ከእህል ማጣት ጋር የሚዳረስ ችግር መሆኑ ታይቷል። ኽምጥኛን ከእናቱ፣ ሙያውን ከዩኒቨርሲቲ የተማረ ጋዜጠኛ በአንድ ሰው ሲገኝ፣ የሰቆጣ ገበያ የቀድሞ ወግ በአዲስ መልክ ይመለሳል፤ ነጋሪው ሰሚውን፣ ሰሚውም ነጋሪውን ያውቃል። ሦስተኛ ኮረም ብትመጣ ከሩቅ የሚመጣ ካሜራ ሳይጠበቅ ዜናውን የዋግ ልጅ ሊናገረው ይገባል።