ሜርኩሪ

ሜርኩሪ (ባዜቃ) የአቶም ቁጥሩ 80 የሆነ፣ ብርማ ቀለም ያለው ከባድ ብረት ነው። በተለመደው የክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብቸኛው ብረት ሲሆን፣ የሚረጋው ከዜሮ በታች በ39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ የሚፈላው ደግሞ በ357 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ሊትሩ 13.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የአቶሞቹ የውጭ ኤሌክትሮኖች ወደ ኒውክሊየሱ ተስበው ስለሚያዙ፣ አቶሞቹ እርስ በርስ የሚተሳሰሩት በደካማ ሁኔታ ነው፤ ፈሳሽነቱም ከዚህ ይመጣል።

ወርቅና ብርን በቀላሉ ያሟሟል፤ የተለመደውን ብረት (አይረን) ግን አይነካም፣ ስለዚህም በብረት ዕቃ ይጓጓዛል። በምዕራብ ኬንያ ሚጎሪ ወርቅ ፈላጊዎች ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ያሹትና ድብልቁን በእሳት ያተኑታል። ወርቁ ይቀራል፤ እንፋሎቱ ግን ወደ ሠራተኛው ሳንባ ይገባል። ውኃ ውስጥ የገባውን ሜርኩሪ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይቀይሩታል፤ እሱም በዓሣ ሥጋ እየተከማቸ የሰውን ነርቭ ይጎዳል። በጃፓን ሚናማታ በ1956 እ.ኤ.አ. በይፋ የታወቀው በሽታ መንስኤው በዓሣ የተከማቸ ሜቲል ሜርኩሪ ነበር።

ሜርኩሪን በአስገዳጅ ስምምነት ለመቆጣጠር ዓለም አቀፍ እርምጃው የተጀመረው ናይሮቢ ውስጥ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በከተማዋ ጊጊሪ ሠፈር የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም የአስተዳደር ምክር ቤት፣ በየካቲት 2009 እ.ኤ.አ. አገሮች በአስገዳጅ ስምምነት ላይ እንዲደራደሩ ወሰነ። የድርድሩ ውጤት የሆነው የሚናማታ ስምምነት በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. በጃፓን ኩማሞቶ ላይ ጸድቆ፣ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አዳዲስ የሜርኩሪ ማዕድን ማውጫዎችን ይከለክላል፤ በባህላዊ ወርቅ ቁፋሮ ላይ ግን አገሮች አጠቃቀሙን እንዲቀንሱና ከተቻለ እንዲያስወግዱ ብቻ ያዛል።