ባለ ኪስ ስፕሪንግ ፍራሽ፦ ከመግዛት በፊት ሊመዘኑ የሚገባቸው ነገሮች

ደብረ ወርቅ፦ የጤፍ ምርት ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በተለይም ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ሳምንታት፣ በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች የአልጋና የፍራሽ ገበያ ይደራል። ወቅቱ የሠርግ ነው። ልጅ የሚድር አርሶ አደር ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለቀለብ የሚሆነውን ለይቶ፣ ከቀረው ሽያጭ ላይ ጎጆ ለሚወጡት ሙሽሮች አልጋና ፍራሽ ያሰናዳል። ከተለመደው የስፖንጅ ፍራሽ ጎን ለጎን «ባለ ኪስ ስፕሪንግ»፣ «ባለ ትራስ ድርብ» እየተባሉ የሚሸጡ፣ ውፍረታቸው ከ25 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ውድ ፍራሾችም በገበያው አሉ። ዋጋቸው የአንድን ቤተሰብ የዓመት ትርፍ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም እንዲህ ያለው ዕቃ በልባሱ ማብረቅረቅ ሳይሆን በውስጡ በያዘው ነገር ሊመረጥ ይገባል።

ለጎጃም ደጋ አልጋ አዲስ ነገር አይደለም። በጭቃ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ መተኛት ለዘመናት የኖረ ልማድ ነው፤ አቅም ያለው ደግሞ በጠፍር የተጠላለፈ የእንጨት አልጋ ነበረው። ከበሬ ቆዳ የተተለተለው ጠፍር ሲረግብ የአልጋው መካከል ይጎደጉዳል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ እንደገና ይወጥረዋል። የጠፍር አልጋ ትልቁ ብልጫ ይኸው መጠገኑ ነው። የዛሬው ፍራሽ ግን አንዴ ከጎደጎደ የሚወጠርበት መንገድ የለም።

ስፕሪንግ ወይም ሞላ ያለው ፍራሽ በሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያው ዓይነት የብረት ሞላዎቹ እርስ በርስ በሽቦ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሲጫን ጎረቤቱም አብሮ ይወርዳል። ባልና ሚስት ሲተኙ አንዱ በተገላበጠ ቁጥር ሌላው የሚነቃው በዚህ የተነሳ ነው። በሁለተኛው ዓይነት እያንዳንዱ ሞላ በራሱ የጨርቅ ኪስ ውስጥ ለብቻው ተሰፍቶ ይቀመጣል። ኪሶቹ በጎናቸው ይያያዛሉ እንጂ ሞላዎቹ አይነካኩም፤ ስለዚህ ትከሻና ዳሌ ያረፈበት ቦታ ሲወርድ ወገብ ያለበት ከፍ እንዳለ ይቆያል። ይህን አሠራር በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ የፈጠራ ባለቤትነት ያስመዘገበው በካናዳ ይኖር የነበረ ጀምስ ማርሻል የተባለ ሰው ነው። ሐሳቡ ዛሬም አልተለወጠም።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሞላዎቹን ብዛት እየጠሩ ያሻሽጣሉ። ብዛቱን ግን ገዥው ራሱ በቀላል ስሌት ሊመረምረው ይችላል። የአንድ ሞላ ስፋት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ሜትር ከሃምሳ በሆነ ፍራሽ ወርድ 25፣ በ1 ሜትር ከ90 ርዝመቱ ደግሞ 31 ያህል ሞላ ይደረደራል፤ ድምሩ 775 ነው። ስፋቱ 7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ570 አይበልጥም። በዚህ ልክ ባለ ፍራሽ ላይ «ሦስት ሺሕ ሞላ አለው» የተባለ እንደሆነ፣ ወይ ጥቃቅን ሞላዎች በሌላ ንብርብር ተጨምረው ተቆጥረዋል፣ ወይ ወሬ ነው። ከብዛቱ ይልቅ የሽቦውን ውፍረት መጠየቅ ይሻላል። ለዚህ መልስ የሌለው ሻጭ ስለ ቁጥሩም እርግጠኛ መሆኑ ያጠራጥራል።

«ትራስ ድርብ» የሚባለው ከዋናው ፍራሽ በላይ እንደ ትልቅ ትራስ ተደርቦ የተሰፋው ለስላሳ ክፍል ነው። በመደብር ውስጥ ገዥን የሚያሸንፈው እርሱ ነው፤ እጅ ሲያርፍበት ደመና ይመስላል። ነገር ግን ቀድሞ የሚያረጀውም እርሱ ነው። ከሥሩ ያሉት ብረቶች ገና ደኅና ሳሉ ድርቡ የተኛበትን ሰው ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ከላይ የተሰፋ በመሆኑም ፍራሹን ገልብጦ በሌላው ፊት መጠቀም አይቻልም። ከእግርጌ ወደ ራስጌ ማዞር ብቻ ነው የሚቀረው። ለዚህ ነው ሜዳ ፊት ያለው ፍራሽ ገዝቶ፣ ለስላሳ ነገር የሚወድ ሰው በላዩ የጥጥ ወይም የስፖንጅ ስስ ድርብ ለብቻው ቢያነጥፍ የሚሻለው። ድርቡ ሲያረጅ የሚጣለው ድርቡ ብቻ ይሆናል።

የድርቡንም ሆነ የተራውን ስፖንጅ ፍራሽ ዕድሜ የሚወስነው ጥግግቱ ነው፤ ይኸውም አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ግራም ይመዝናል የሚለው። ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን የተባለ ሰው ሠራሽ ቁስ ሲሆን፣ ኬሚስትሪው በ1937 እ.ኤ.አ. በጀርመን በኦቶ ባየር ተገኝቷል። አረፋ ስለሆነ አምራቹ ብዙ አየር ሊያስገባበትም ጥቂት ሊያስገባበትም ይችላል። ሁለቱም ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ውፍረታቸውም ልስላሴያቸውም ሊመሳሰል ይችላል። ልዩነቱ በሚዛን ላይ ይታያል።

እዚህ ላይ አርሶ አደሩ ከማንም የተሻለ ዕውቀት አለው። እህል በቁና ሲሸጥና በኪሎ ሲሸጥ ያለውን ልዩነት ያውቃልና። ሜትር ከሃያ ወርድ፣ 1 ሜትር ከ90 ርዝመትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ፍራሽ ይዘቱ 0.342 ሜትር ኩብ ነው። በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ግራም ከሆነ ስፖንጁ ብቻውን ከ10 ኪሎ ግራም ጥቂት ያልፋል፤ 20 ኪሎ ግራም ከሆነ 7 እንኳን አይሞላም። በየዕለቱ አዋቂ ሰው ለሚተኛበት ፍራሽ ከ25 በታች የሆነ ስፖንጅ ቶሎ ይረግባል፤ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነው ዘላቂ ነው። የእህል መመዘኛ ሚዛን በማይጠፋበት ከተማ ፍራሽ አስመዝኖ መግዛት የሚያሳፍር ነገር የለውም። የልባሱን ክብደት ግን መቀነስ ያስፈልጋል። ባለ ስፕሪንግ ፍራሽ ብረት ስላለበት በዚህ መንገድ አይፈተሽም፤ በርሱ ላይ የሚቻለው ለላይኛው ንብርብር የተሠራበት ስፖንጅ ጥግግት በደረሰኙ ወይም በዋስትና ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው።

ፍራሹ የሚያርፍበት አልጋ ከፍራሹ ያላነሰ ትኩረት ይሻል፤ በዚህ አካባቢ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም በዚሁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለ ኪስ ስፕሪንግ ፍራሽ ሞላዎቹ ለየብቻ ስለሆኑ የራሱ አጥንት የለውም፤ ከሥሩ ያለውን ቅርጽ ይይዛል። መካከሉ በረገበ ጠፍር አልጋ ወይም በለቀቀ ሽቦ ላይ ከተነጠፈ እርሱም ተከትሎ ይጎደጉዳል። የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ የጣውላ ርብራብ ነው፤ በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከአራት ጣት ባይበልጥ፣ ሜትር ከሃምሳና ከዚያ በላይ ለሆነ አልጋ ደግሞ መካከሉን የሚደግፍ እግር ቢኖር መልካም ነው። ርብራብ የሌለው ቤት ለፍራሽ ካሰበው ገንዘብ ከፍሎ መጀመሪያ አልጋውን በአናጢ ቢያስተካክል፣ ጥሩ ስፖንጅ ፍራሽ በደኅና ርብራብ ላይ ሆኖ ውዱን ፍራሽ በመጥፎ አልጋ ላይ ይበልጠዋል።

ውድ ፍራሽን በጭቃ መደብ ላይ ማንጠፍም አይመከርም። ከጮቄ የሚነሳው ብርድ በሚያገኘው በዚህ ደጋ የክረምቱ እርጥበት ከወለልም ከግድግዳም ይመጣል፤ የተኛው ሰው ላብ ደግሞ ከላይ ይጨመራል። ከሥሩ አየር የማያገኝ ፍራሽ ይሻግታል፣ ብረቱም ይዝጋል። «እንዳይቆሽሽ» ተብሎ የፋብሪካው ላስቲክ ሳይወልቅ ለዓመታት መቆየቱ በብዙ ቤት የሚታይ ነው፤ ይህ ፍራሹን ከመጠበቅ ይልቅ እርጥበቱን አምቆ ያበሰብሰዋል። ላስቲኩ ወልቆ የሚታጠብ የጨርቅ ሽፋን ቢለብስ ይሻላል። ፀሐይ በወጣ ቀን አቁሞ ማናፈስም ተገቢ ነው።

ወገቡን የሚያመው ሰው ጠንካራ ነገር ላይ እንዲተኛ መምከር የተለመደ ነው። በሞፈርና ቀንበር ሲያርስ ለዋለ ገበሬ ምክሩ ተደጋግሞ ይነገራል። በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በስፔን የተካሄደ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች ለ90 ቀናት ክትትል ሲደረግላቸው፣ መካከለኛ ጥንካሬ ባለው ፍራሽ ላይ የተኙት በጣም ጠንካራ በሆነው ላይ ከተኙት የበለጠ እፎይታ አግኝተዋል። መካከለኛው የቱ እንደሆነ የሚለየው በመተኛት ነው። ጫማ አውልቆ በመደብሩ ውስጥ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ መጋደም፣ በጀርባ ሆኖ እጅን በወገብ ሥር ማሳለፍ ያስፈልጋል። እጅ ያለ ምንም መነካካት ካለፈ ፍራሹ ጠንክሯል፤ ጨርሶ አልገባም ካለ ለስልሷል። በብዙ ሰው ፊት መጋደም የሚያሳፍረው ይኖራል፤ ሙሽሮቹ ራሳቸው ሳይተኙበት በአባት ምርጫ ብቻ የተገዛ ፍራሽ ግን ለማን እንደተገዛ አይታወቅም።

ትኋንና ቁንጫ ባለበት ቤት የትራስ ድርብ ስፌትና እጥፋት ለትኋን ምቹ መደበቂያ ነው። ለዚህ ሲባል ማላታይንንና መሰል የሰብልና የጎተራ ፀረ ተባይ በፍራሽ ላይ መርጨት አደገኛ ነው። ስፖንጅ መርዙን ይመጥጣል፤ የተኛውም ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ሌሊቱን ሙሉ በቆዳውና በትንፋሹ ያስገባዋል። አንሶላና ሽፋንን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ስፌቱንና የአልጋውን መጋጠሚያ በብሩሽ መጥረግ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ መምረግ የበለጠ ፋይዳ አለው። የእሳቱ ነገርም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል፤ ፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ከተቀጣጠለ በደቂቃዎች ውስጥ ይነዳል፣ ጭሱም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳይናይድ የተባሉ ገዳይ ጋዞች አሉበት። ኩራዝ፣ ሻማና የከሰል ምድጃ ከአልጋ አጠገብ መራቅ አለባቸው።

ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚገዛ ሰው የማጓጓዙን ነገር አስቀድሞ ያስብበት። ባለ ስፕሪንግ ፍራሽ በፋብሪካ ተጨምቆ የተጠቀለለ ካልሆነ በቀር በአውቶቡስ ጣራ ላይ ታጥፎ ሊታሰር አይገባም፤ የታጠፈው ሞላ አይቃናም። ተዘርግቶ ወይም በጎኑ ቆሞ፣ በሸራ ተሸፍኖ ይጫን። ርክክብ ሲደረግ ልኩን በሜትር መለካት፣ ጠርዙ ላይ መቀመጥና በመዳፍ ተጭኖ የሚንቋቋ ሞላ መኖር አለመኖሩን ማድመጥ ያስፈልጋል። የፍራሹ ዓይነት፣ ልክና የዋስትና ጊዜ የተጻፈበት ደረሰኝ መያዝም ግዴታ እንደሆነ ይቆጠር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ጥያቄው ሳይዘገይ መቅረብ ስላለበት ግን ለሠርግ የተገዛ ፍራሽ እስከ ሠርጉ ቀን ተጠቅልሎ ሳይቀመጥ፣ በመጣበት ዕለት ተፈትቶ ቢፈተሽ ይመረጣል።