የሲጋራው ብር ማደሪያ

እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ራንዶልፍ በምትባል ከተማ፣ አርተር መላኒ የተባሉ የትምህርት ቤት ባልደረባ ለአጫሾች አንድ ጥያቄ አቀረቡ። ለአንድ ቀን ብቻ ሳታጨሱ ዋሉ፣ በዚያ ቀን ለሲጋራ ልታወጡት የነበረውን ገንዘብም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ኮሌጅ ለሚያስገባው የትምህርት መርጃ ስጡ የሚል ነበር። ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የገለጸው፣ የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም የነበሩት የሉተር ቴሪ መንግሥታዊ ዘገባ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። የሲጋራ ማስታወቂያ ግን በቴሌቪዥን ገና አልታገደም፤ የታገደው በ1971 መጀመሪያ ነው። አንድ ፓኬት ከግማሽ ዶላር በታች ስለሚሸጥ ከአንድ አጫሽ የአንድ ቀን ትርፉ ጥቂት ሳንቲም ነበር። አራት ዓመት ቆይቶ በሚኒሶታ የሞንቲቼሎ ከተማ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበሩት ሊን ስሚዝ ተመሳሳይ ቀን አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1976 የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር የካሊፎርኒያ ቅርንጫፍ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ አጫሾችን ለአንድ ቀን አስተወ፤ በማግስቱ ዓመት ቀኑ አገር አቀፍ ሆነ። ዛሬም በየዓመቱ በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ ይታሰባል። እየሰፋ ሲሄድ ግን አንድ ነገር ከላዩ ተራግፏል። ቀኑ የሚታወቀው ለአንድ ቀን በማቆም ነው እንጂ ተማሪ ለማስተማር በሚዋጣ ገንዘብ አይደለም። የራንዶልፉ ሐሳብ ግማሹ አገሩን ሲያዳርስ ግማሹ እዚያው ቀርቷል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ በእኔ እምነት ዋናው ነበር።

ሲጋራ ላቆመ ሰው ዛሬ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ «የምታተርፈውን ገንዘብ አስላ» የሚለው ነው። ምክሩ እውነት አለው፤ ነገር ግን ስሌት ብቻውን ማንንም አስጥሎ አያውቅም። የትምባሆን ታሪክ መለስ ብሎ ያየ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ። ለትምባሆ የሚወጣ ገንዘብ ምንጊዜም ተደራጅቶ የሚጠብቀው ተቀባይ ነበረው፤ ሲያቆሙ የሚተርፈው ገንዘብ ግን ተቀባይ አልነበረውም። ያልተቃጠለው ብር በኪስ ውስጥ ከሌላው ብር ጋር ይቀላቀልና በሽንኩርት፣ በታክሲ፣ በሞባይል ካርድ ያልቃል። ሰውየው ወር ቆይቶ «የት ገባ?» ቢል የሚያሳየው ነገር የለውም። ገንዘቡ ሰውን ጸንቶ እንዲቆም የረዳው፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ተቋም ማደሪያ ባበጀለት ቦታና ጊዜ ብቻ ነው።

ስሌቱ ራሱ አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ከጠረኑና ጤናን ከመጉዳቱ ሌላ ወጪውንም ቆጥሮ ነበር። ከመኳንንቱ መካከል ለትምባሆ በዓመት ሦስትና አራት መቶ ፓውንድ የሚያወጡ እንዳሉ ጽፏል፤ በዚያ ዘመን ይህ ብዙ ቤተሰብ የሚያኖር ሀብት ነው። በዚያው ዓመት በአንድ ፓውንድ ክብደት ትምባሆ ላይ የነበረውን የሁለት ፔኒ ቀረጥ ወደ ስድስት ሺሊንግ ከአሥር ፔኒ አናረው፤ ከአርባ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የሚያጨሰው ሰው ግን አልተወም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቀረጡ ዝቅ ተደረገ፤ በቨርጂኒያ የሚበቅለው ትምባሆ እየበዛ ሲሄድም ዘውዱ ከሚያወግዘው ቅጠል ገቢ መሰብሰቡን ያዘ። ንጉሡ የቆጠረው በሌላ ሰው ኪስ ያለውን ገንዘብ ነበር፣ ቆጥሮም ለራሱ ግምጃ ቤት ወሰደው። አጫሹ ቢተው ገንዘቡ ምን እንደሚሆንለት ግን ያሰበ አልነበረም።

ያን ያሰቡት ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም የተነሡት ትምባሆን ብለው ሳይሆን ድህነትንና መጠጥን ብለው ነው። በስኮትላንድ ሩትዌል በምትባል ደብር ሄንሪ ዳንካን የተባለ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1810 የቁጠባ ባንክ ከፈተ። የጊዜው ባንኮች ሒሳብ ለመክፈት አሥር ፓውንድ ሲጠይቁ የሱ ባንክ በስድስት ፔኒ ይከፍት ነበር። የባንኩ የገንዘብ ሣጥን ዛሬም በዚያው መንደር ሙዚየም ይታያል። ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱን ቁልፎች የሚይዙት ሦስት የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ ሦስቱም ካልተገኙ አይከፈትም ነበር። ይህ ለሌባ ብቻ የተሠራ ጥንቃቄ አይመስለኝም። የቀን ሠራተኛው ዛሬ ያስቀመጠውን ገንዘብ ነገ ማታ በጥማት ሰዓት እንዳያገኘውም ያደርጋል። በ1847 ደግሞ በበርሚንግሃም ጄምስ ቴይለር የተባለ መጠጥ የተወ ሰው፣ ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው መሬት የሚገዙበት ማኅበር አቋቋመ። በመጠጥ ቤት የሚከፍሉትን ገንዘብ በመሬት ስፋት እየመነዘረ ያሳያቸው ነበር፤ መሬት ያለው ሰው በዚያ ዘመን ድምፅ የመስጠት መብትም ስለሚያገኝ ከመጠጥ የተረፈው ገንዘብ ሰውየውን መራጭ እስከማድረግ ይደርስ ነበር። በ1861 የብሪታንያ መንግሥት በፖስታ ቤቶች የቁጠባ ባንክ ሲከፍት ይህ ልማድ የአገር ተቋም ሆነ። ከንጉሥ ጄምስ ስሌት የቴይለር ስሌት የሚለየው ከኋላው መዝገብና መሬት ስላለው ነው።

በእኛ አገር ትምባሆን መዋጋት በሌላ መንገድ ነው የተጀመረው። ቤተ ክርስቲያን ትምባሆን ስታወግዝ ኖራለች። በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ያጨሰ ሰው ከንፈሩ ይቆረጥ እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ውግዘቱም ቅጣቱም ጋያውንና ሱረቱን ከብዙ ቤት ያራቀ ይሆናል፤ የተወው ሰው ግን ሊያገኝ የሚችለው ከቅጣት መዳንን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ሲቋቋም ሻጩ ራሱ መንግሥት ሆነ፤ ኒያላም ግስላም የመንግሥት ዕቃ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የጃፓን ኩባንያ የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በማግስቱ ዓመት 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ከ70 በመቶ በላይ አደረሰ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ገንዘብ የወጣው ለሕንፃና ለማሽን ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ አጫሽ ነገ፣ ከነገ ወዲያም፣ በየቀኑ ከኪሱ እንደሚያወጣ በመተማመን ነው። በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ያለ ኩባንያ የአጫሹን የወደፊት ሳንቲም አስልቶ ዋጋ ሲሰጠው፣ አጫሹ ራሱ ግን የዛሬውን እንኳ አልቆጠረውም።

ያልቆጠረበት ምክንያት የግብይቱ መልክ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሱቅ በደረቴውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይረዳዋል። በደረቱ ባንጠለጠለው ካርቶን ላይ ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ክብሪትና ላይተር ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ የተከፈተ ፓኬት አለ፣ ሲጋራው የሚሸጠው በፍሬ ነው፣ እሳቱንም እዚያው ይለኩሱለታል። ገዢው ፓኬት ስለማይገዛ የፓኬት ዋጋ ከፍሎ አያውቅም፤ የሚከፍለው ከታክሲ በተመለሰ መልስ ነው። አንዱን ፍሬ በአሥር ብር እንቁጠረውና በቀን አሥር ፍሬ ለሚያጨስ ሰው ወጪው በወር 3,000 ብር፣ በዓመት 36,500 ብር ይደርሳል። ይህን ገንዘብ በአንድ ጊዜ አውጣ ቢባል የሚደነግጥ ሰው በአሥር በአሥር ብር ሲያወጣው ምንም አይሰማውም፤ ሲያቆምም በአሥር በአሥር ብር ስለሚተርፈው ትርፉም አይሰማውም። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ16ኛው አንቀጹ በፍሬ መሸጥ እንዲቀር የሚጠይቀው ወጣቶች በቀላሉ እንዳያገኙት ነው፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አጽድቃለች። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተጣለው ኤክሳይስ ታክስም 30 በመቶና በፓኬት 8 ብር ነበር። ዋጋ ሲጨምር ሰው ማጨስ እንደሚቀንስ በብዙ አገር ተረጋግጧል፣ ግብሩንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ግብር የሚጸናው በሚያጨሰው ላይ ነው፤ ያቆመው ሰው ከግብሩ ያተረፈውን ብር የት ያድርገው ለሚለው አዋጁ መልስ የለውም።

መልስ የሚሆን ፈተና የተደረገው በፊሊፒንስ ነው። በሚንዳናኦ ደሴት አንድ ባንክ ከተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ማቆም ለሚፈልጉ አጫሾች ልዩ ሒሳብ ከፈተ፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። አጫሹ ለሲጋራ ያወጣ የነበረውን ገንዘብ ለስድስት ወር ያስቀምጣል፤ ወለድ የለውም። ስድስት ወር ሲሞላ ሽንቱ ለኒኮቲን ይመረመራል። ካለፈ ገንዘቡን ሙሉውን ይወስዳል፣ ከወደቀ ሙሉው ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። ሒሳቡ ከቀረበላቸው ሰዎች የተቀበሉት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቢሆንም ሒሳቡ የቀረበላቸው ሁሉ፣ ያልተቀበሉትም ተጨምረው፣ ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸሩ ምርመራውን ያለፉት በሦስት የመቶኛ ነጥብ ያህል በልጠው ተገኙ። ከዓመት በኋላ፣ ገንዘቡ ከተመለሰና ውሉ ካለቀ ስድስት ወር አልፎት፣ ሳይነገራቸው እንደገና ሲመረመሩም ልዩነቱ አልጠፋም። በዚህ ጉዳይ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላውቅም። ገንዘቡ የራሳቸው ነው፣ ማንም አልጨመረላቸውም፣ ወለድ እንኳ አልነበረውም፤ የተጨመረው የሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚመለስበት ቀንና የሚጠይቅ ሰው ነው።

የሚነሣው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ ከመቶ ሰው 89ኙ እንቢ ካለ መፍትሔነቱ ምኑ ላይ ነው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ይህን ተቃውሞ ያጠናክረዋል። ካቆምክ ሽልማት ታገኛለህ ከተባሉት 90 በመቶው ሲቀበሉ፣ አስቀድመህ 150 ዶላር ከራስህ አስይዝ ከተባሉት የተቀበሉት 13.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህም በጠቅላላው ሽልማቱ ብዙ ሰው አስቁሟል። ከዚያ በፊት በ2009 የታተመውና የአንድ ትልቅ ኩባንያ 878 ሠራተኞች የተሳተፉበት ጥናትም እስከ 750 ዶላር ሽልማት ከተሰጣቸው ሰዎች በዓመቱ 14.7 በመቶው፣ ካልተሰጣቸው 5 በመቶው አቁመው መገኘታቸውን አሳይቷል። ሽልማት ያለጥርጥር ይሠራል። ይሁን እንጂ ሽልማት የሚከፍል ይፈልጋል፣ በእኛ አገር ያለ የቀን ሠራተኛ 750 ዶላር የሚሸልመው ቀጣሪ የለውም፤ ደግሞም እነዚያው ተሸላሚዎች ክፍያው ካበቃ ከስድስት ወር በኋላ ሲታዩ ወደ 9.4 በመቶ ወርደዋል። በ2015ቱ ጥናት አጥኚዎቹ ሁለቱንም መንገድ ሊቀበሉ የሚችሉትን ሰዎች ለይተው ሲያሰሉ ደግሞ ገንዘብ ማስያዙ ከሽልማቱ በልጦ ተገኝቷል። ጥያቄው እንግዲህ ሰው የራሱን ገንዘብ ለማስያዝ እንዳይፈራ ምን ዓይነት ማደሪያ ይሠራለት የሚለው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሐኪሞች ይመጣል፤ ኒኮቲን ሱስ ነው፣ ሱስ በሒሳብ መዝገብ አይታከምም ይላሉ። ትክክል ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት መቅበጥበጥ፣ ንዴትና እንቅልፍ ማጣት የሚታገሉት በምክርና በመድኃኒት ነው፣ ገንዘብ ቆጥሮ አይደለም። ከላይ ያነሣኋቸው ጥናቶችም ይመሰክራሉ፤ በተሻለው ውጤት እንኳ ከመቶ ሰማንያ አምስቱ ወደ ሲጋራው ተመልሷል ወይም ከመጀመሪያውም አልተወም። ነገር ግን ማቆምና አቁሞ መቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሳሉ ሲጠፋ፣ ደረቱ ሲቀለው፣ ሐኪሙ የነገረው ፍርሃት ይደበዝዛል፤ «አንዷ ምን ታደርገኛለች» የምትባለው ያኔ ነው። ጤና የሚሰጠው ዋስትና ሩቅና የማይታይ ሲሆን፣ በመዝገብ የሰፈረ ገንዘብ ግን በየሳምንቱ ይታያል። ገንዘብ ከጤና ያነሰ ምክንያት ነው የሚሉኝ ካሉ እስማማለሁ። ግን ያነሰው ምክንያት ሰውን እስከዚያ ካቆየው ልንንቀው አይገባም።

እኛ ደግሞ ማደሪያውን ከፊሊፒንስ ማስመጣት አያስፈልገንም፤ ዕቁብ አለን። ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ዋስ ይጠይቃል፣ ወለድ የለውም፣ የቀን የሚጣልም አለ፣ አቅሙ ያልፈቀደ ግማሽ ዕጣ ይገባል። ሲጋራ ያቆመ ሰው የሲጋራውን ብር የቀን ዕቁብ ቢገባበት፣ ብሩ ማታ ኪሱ ውስጥ አያድርም። ዕጣው ቀድሞ ቢደርሰው ዕዳው እስከ መጨረሻው ይቀጥላልና የነገው ብር ቀድሞውኑ ተሰጥቷል፤ ዘግይቶ ቢደርሰው ለመጠበቅ የሚያበቃ ምክንያት አለው። የዋጋ ንረት ቁጠባን ይበላል የሚለው ስጋት እውነት ነው፣ በተለይ ዕጣው ወደ መጨረሻ ለወጣለት፤ ቢሆንም ንረት ከብሩ የተወሰነውን ሲበላ ሲጋራ ግን ሙሉውን ያቃጥለዋል። የዕቁቡ ጉድለት ሌላ ነው። ዕቁብ «ጣልክ ወይ» ይላል እንጂ «አጨስክ ወይ» አይልም። ያን የሚጠይቅ አንድ የዕቁብ ጓደኛ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ የሚንዳናኦው ሒሳብ ያለ ምርመራው ባዶ ሣጥን ይሆን ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለየመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ነው። መዝገቡም፣ ከደመወዝ የሚቆርጠው ሰውም፣ የአባላት ስብሰባውም አላችሁ። ሲጋራ ማቆም ለሚፈልግ አባል ለስድስት ወር የማይወጣ፣ በራሱ ፈቃድ የሚገባበትና የሥራ ባልደረቦቹ የሚያውቁት አንድ የቁጠባ ዓይነት ጨምሩለት። ቢወድቅ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ገና ሲገባ ራሱ ይምረጥ፤ ራንዶልፍ እንዳደረገችው ለተማሪዎች መርጃ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅም የውጭ ርዳታም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ብቻ ነው።