ሊያፈርሱት የተሾሙበት ቤት

ስሙኝማ፤ የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ ቀይ ክፍል ነው።

ክፍሉ የሚገኘው በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ግዛት ዋና ከተማ በብሪስበን ነው። ጆርጅ የሚባለው ጎዳና ወርዶ ወርዶ ከዕፅዋት መናፈሻው ደጃፍ ሲደርስ ማዕዘኑ ላይ አንድ የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። ቻርልስ ቲፊን የነደፈው፣ እንደራሴዎች በ1868 የገቡበት የፓርላማ ቤት ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ እያገላበጥን አንድከም።) ሕንፃው ሁለት አዳራሽ አለው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። በአረንጓዴው ውስጥ ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ቀዩ ግን ለሥነ ሥርዓትና ለስብሰባ ይከፈታል እንጂ ከ1921 ወዲህ ሕግ አጽድቆ አያውቅም። ባለቤቶቹን ያባረረ ወታደር የለም። ንጉሥ ተቆጥቶ አልበተናቸውም። ተሰብስበው፣ ድምፅ ሰጥተው፣ ቤታቸውን ራሳቸው ዘጉት።

ኩዊንስላንድ ከኒው ሳውዝ ዌልስ ተለይታ ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት እንድትሆን የተወሰነው በጁን 6 ቀን 1859 ነው። በማግስቱ ዓመት ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመላት። ታችኛው የሚመረጥ፣ ላይኛው የሚሾም። ላይኛውን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ልበለው፤ ለእኛ ጆሮ ይኸው ስም ይቀርበዋል። የመጀመሪያዎቹን 11 አባላት የሾመው የኒው ሳውዝ ዌልሱ ገዥ ነበር፤ ለአምስት ዓመት ብቻ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ሹም ሁሉ ግን የተሾመው ዕድሜ ልኩን ነው። ምርጫ የለ፣ የሥራ ዘመን የለ። ከዚህ ወንበር የሚያነሣው ሞት፣ ኪሳራ ወይም የወንጀል ፍርድ ካልሆነ በቀር ሌላው እምብዛም ነበር።

ደመወዝ ደግሞ አልነበረውም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባላችን እዚያ አይሠራም፤ ሹመቱ ራሱ ቀድሞ የበላ ሰው ይፈልግ ነበራ! በሣምንት ደመወዝ የሚያድር አናጢ ወይም ማዕድን ቆፋሪ ብሪስበን ላይ እየተቀመጠ በነፃ ሕግ ሊመረምር አይችልም። ስለዚህ ቀዩን ወንበር የያዙት የበግና የከብት ከበርቴዎች፣ ጠበቆች፣ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎችና ጡረታ የወጡ ሚኒስትሮች ነበሩ። ክፉዎች ናቸው አልልም። ብዙዎቹ ሕግን መስመር በመስመር የሚያነቡ፣ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ግን ከአረንጓዴው አዳራሽ የመጣ ረቂቅ የመሬት ኪራይ ሲነካባቸው ንባባቸው ይበረታ ነበር።

አሁን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዊልያም ሃሚልተን ይባላል።

በ1891 የኩዊንስላንድ በግ ሸላቾች ሥራ አቆሙ። ጠቡ ከበግ ባለቤቶቹ ጋር ነበር፤ ባለቤቶቹ ማኅበሩን ወደ ጎን ትተው ሠራተኛውን በፈለጉት ውል ልንቀጥር አሉ። ሸላቾቹ ባርካልዲን በምትባለው የምዕራብ ከተማ ዙሪያ ድንኳን ተከሉ። መንግሥት ወታደርና ፖሊስ ላከ። የአድማው መሪዎች ተለቅመው ሮክሃምፕተን ላይ በአድመኝነት ተከሰሱና ሦስት ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። የተላኩት በብሪስበን ወንዝ አፍ ፊት ለፊት ወዳለችው የእስረኞች ደሴት ወደ ሴንት ሄሌና ነው። ከተፈረደባቸው አንዱ ሃሚልተን ነበር።

እንግዲህ ሰውየው ወጣ። በ1899 ለታችኛው ምክር ቤት ተመረጠ፤ ዓመታት አገለገለ። በ1915 የሠራተኞቹ ፓርቲ ሌበር በቲ ጄ ራያን መሪነት ከ72 ወንበር 45ቱን አሸንፎ መንግሥት ሲመሠርት ሃሚልተን ሚኒስትር ሆኖ ወደ ላይኛው ምክር ቤት ተሾመ። ከዚያ ደግሞ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሰር አርተር ሞርጋን ሞቱና በፌብሩዋሪ 1917 ቦታው ለማን ቢሰጥ ጥሩ ነው? ለሃሚልተን! ከእሱ በፊት በተከታታይ ሦስት “ሰር” የተባሉ ባለ ማዕረጎች፣ ፓልመርና ኔልሰን ከዚያም ሞርጋን፣ በተቀመጡበት ወንበር የሴንት ሄሌናው እስረኛ ተቀመጠ። በእሱ ቀኝና ግራ በዚያ የአድማ ዘመን ከባለ በጎቹ ጎራ የነበሩ ሽማግሌዎች አሉ። መናገር ሲፈልጉ ብድግ ብለው “ክቡር ፕሬዚዳንት” ሊሉት ነው። እኔ ይህን ባነበብሁ ቁጥር ሳቅ ሳቅ ይለኛል፤ ሽማግሌዎቹ ግን የሳቁ አይመስለኝም።

ወንበሩን ያዘ እንጂ ድምፁን አልያዘም። የሌበር ሰዎች በቀዩ አዳራሽ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከታች የሚመጣውን ረቂቅ ብዙኃኑ ይቆራርጡታል፤ አንዳንዱን ከነጭራሹ ይጥሉታል። ትልቁ ንትርክ በመሬት ላይ ነበር። ሰፋፊ የግጦሽ መሬት በሊዝ የያዙ ባለ ሀብቶች ኪራያቸው በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ እንዳይጨመር የሚከላከልላቸው የቆየ ሕግ አለ። ራያን ይህን ይነሣ ይላል፤ ላይኛው ምክር ቤት አይነሣም ይላል። ረቂቁ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ዓመት ይተካል።

ይህ ጠብ በራያን አልተጀመረም። ከእሱ በፊት የሮክሃምፕተኑ መጽሐፍ ሻጭ ዊልያም ኪድስተን ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ በ1907 ረቂቆቹ ቢሰናከሉበት ገዥውን ሎርድ ቼልምስፎርድን “አዲስ አባላት ሹምልኝና ረቂቆቼን ላሳልፍ” ብሎ ጠየቀ። ገዥው እምቢ አለ። ኪድስተን ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1908 ተመርጦ ተመለሰ፤ ተመልሶም አንድ ብልሃት በሕግ አስገባ። ላይኛው ምክር ቤት ሁለቴ የጣለው ረቂቅ በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ይቅረብ የሚል ነው።

ራያን ይህን ብልሃት አነሣ። ሕግ አዋቂ ነበር፤ መንገዱን ያውቀዋል። ላይኛውን ምክር ቤት የሚያፈርስ ረቂቅ አቀረበ፤ ሹማምንቱ በ1915 ጣሉት፣ በ1916 ደግመው ጣሉት። በሉ እንግዲያው ወደ ሕዝብ! ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። የላይኛው ምክር ቤት አባልና ሐኪም የሆኑት ዶክተር ቴይለር ከባልንጀሮቻቸው ጋር ከሰሱ፤ የኩዊንስላንድ ዳኞች ፈረዱላቸው፤ የአውስትራሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን ለመንግሥት ፈረደ። ቤቱን ማፍረስ በሕግ ይቻላል ተባለ።

የሚያሳዝነው፣ ወይም የሚያስቀው፣ ሕዝቡ ራሱ የሰጠው መልስ ነው። ሜይ 5 ቀን 1917 የኩዊንስላንድ ሰው ድምፅ ሰጠ። ይፍረስ ያለው 116,196፤ ይቆይ ያለው 179,105። ይህ ሕዝብ ሌበርን ከሁለት ዓመት በፊት በብዙ ብልጫ የመረጠ፣ በማግስቱም ዓመት ደግሞ የመረጠ ሕዝብ ነው። መንግሥቱን ይወዳል፤ ልጓሙም እንዲኖር ይወዳል። ሰው በጎረቤቱ በሬ ሲያርስ እንኳ ቀንበሩን ደህና አድርጎ ይመለከታል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ የታሪክ ጸሐፊ ቃል አይደለም።

ራያን መልሱን ሰማ። ቢሰማም ሌላ በር ነበረው።

ያ በር ከመጀመሪያው ሳይዘጋ የቀረ ነው። ሕጉ አባላት ስንት ይሁኑ የሚል ጣሪያ አላበጀም። ገዥው ከፈቀደ አሥርም ሃያም መሾም ይችላል። በ1907 ቼልምስፎርድ ያልከፈተውን በር፣ ገዥው ጉልድ አዳምስ በ1917 መጨረሻ ገደማ ገርበብ አደረገው፤ 13 የሌበር ሰዎች ተሾሙ። አልበቃም። ከዚያ በጃንዋሪ 1920 ጉልድ አዳምስ ሄደና ተተኪው እስኪመጣ ድረስ ምክትል ገዥ የሆነው ማን መሰላችሁ? ዊልያም ሌነን። ደብሊን ተወልዶ ታውንስቪል ላይ ባንክ ያስተዳደረ፣ ከዚያም የሌበር ሚኒስትር የነበረ ሰው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚህ ጊዜ የቀድሞው ማዕድን ቆፋሪ ቴድ ቴዎዶር ነው፤ ራያን ወደ ፌዴራሉ ፓርላማ ሄዷል። ቴዎዶር ለሌነን የስም ዝርዝር አቀረበ። ሌነን በፌብሩዋሪ ወር አሥራ አራት ሰው ሾመ።

ተቃዋሚዎቹ ጮኹ። እውነትም የሚያስጮህ ነው፤ የፓርቲው ሰው በንጉሡ ወኪል ወንበር ተቀምጦ ለፓርቲው ሰዎች ሹመት ሲፈርም! የመሬቱ ሕግ ግን በዚያው ዓመት አለፈ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር ሮበርት ፊልፕ ሁለት ጓደኞች ይዘው ለንደን ድረስ አቤት ሊሉ በመርከብ ተጓዙ። ከዚያ የለንደን ባለ ገንዘቦች ለኩዊንስላንድ ቦርሳቸውን ዘጉ፤ ቴዎዶር ብድር ፍለጋ ፊቱን ወደ ኒው ዮርክ አዞረ። በብሪስበን ቀይ ክፍል የተቆጠረ ድምፅ የለንደንን ካዝና እንዲህ ያስቆልፋል።

አዲሶቹ ሹማምንት ለአንድ ሥራ የመጡ ናቸው። ዕድሜ ልክ ተሾሙ፤ የተሾሙት ግን ሹመታቸውን እንዲያጠፉ ነው። “የራስ አጥፊ ጓድ” የሚል ቅጽል በታሪክ ተርፎላቸዋል።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቲቱ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመሳሳዩን ሞክራ ነበር። በ1925 ማብቂያ ጃክ ላንግ የሚባለው ጠቅላይ ሚኒስትር የራሱን ላይኛ ምክር ቤት ሊያፈርስ 25 ሰው አሾመ። ሰዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፤ ድምፁ ሲደርስ ከራሱ ፓርቲ ሰዎች አንዳንዶቹ ከዱት፣ አንዳንዶቹ ሳይመጡ ቀሩ፤ ረቂቁ ወደቀ። የቀይ ወንበር ልስላሴ ማለት ይህ ነው። የኩዊንስላንዶቹ ግን ቃላቸውን ጠበቁ።

ሁለት ሰዎች ያችን ቀን አላዩዋትም። ሃሚልተን በጁላይ 1920 በፕሬዚዳንትነቱ ላይ እንዳለ ሞተ። ራያን ደግሞ በኦገስት 1 ቀን 1921 ለፓርቲው እጩ ቅስቀሳ ሊያግዝ ወጥቶ በሳንባ ምች ሞተ። የት? ባርካልዲን ላይ፤ ሸላቾቹ ድንኳን በተከሉባት ከተማ።

ኦክቶበር 26 ቀን 1921 መጣ። በሃሚልተን ወንበር አሁን የተቀመጠው ሌነን ነው፤ አሥራ አራቱን የሾመው ሌነን። ረቂቁን ለምክር ቤቱ ያቀረበው የማዕድን ሚኒስትሩ አልፍሬድ ጆንስ ነው። የቀሩት የድሮ ሰዎች ተነሥተው ተከራከሩ፤ ሕዝብ በ1917 የተናገረውን ጠቀሱ። ጥሩ ክርክር ነበራቸው፤ ቁጥር ግን አልነበራቸውም።

በዚያ ምክር ቤት ድምፅ ሲቆጠር “አዎ” እና “አይ” አይባልም ነበር። የለንደኑን የጌቶች ቤት ልማድ ይዘው፣ የደገፈ “ረክቻለሁ”፣ የተቃወመ “አልረካሁም” ይላል። ያን ቀን የረኩት 28 ነበሩ፤ ያልረኩት 10። ሃያ ስምንት ሰዎች ከዚህ በኋላ እንደማይኖሩ ተነግሯቸው “ረክተናል” አሉ። ምክር ቤቱ በማግስቱ ተሰበሰበ፣ ተበተነ፤ ያ የመጨረሻው ሆነ።

ነገሩ ግን ገና ንጉሡ ዘንድ መድረስ ነበረበት። አዲሱ ገዥ ሰር ማቲው ናታን፣ ከዚህ በፊት ሆንግ ኮንግን ያስተዳደረ፣ በ1916ቱ የአየርላንድ አመፅ ጊዜ ደብሊን ላይ የነበረ ጥንቁቅ ሰው፣ ራሱ አልፈረመም፤ ወደ ለንደን ላከው። ተቃዋሚዎች ንጉሡ እንዳይፈርም አቤት አሉ። የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ነበር፤ ለንደን የአገሩን ጉዳይ ለአገሩ ሰዎች ተወ። ማርች 3 ቀን 1922 የንጉሡ ፈቃድ ተገኘ፤ ማርች 23 ታወጀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩዊንስላንድ ከአውስትራሊያ ግዛቶች ሁሉ ባለ አንድ ምክር ቤት ብቸኛዋ ሆና ቀረች፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ናት።

ጆንስ ወደ አረንጓዴው አዳራሽ ተሻገረ፤ ኋላም የብሪስበን ከንቲባ ሆነ። የቀሩት ተበተኑ፤ ደመወዝ ያልነበረው ሹመት ጡረታ አያወጣም።

አንዲት ነገር ቀረችኝ። በ1934 ሥልጣን ላይ የነበረው የሌበር መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ። ላይኛውን ምክር ቤት ዳግም ማቋቋም የሚፈልግ መንግሥት ቢመጣ አስቀድሞ ሕዝቡን በድምፅ ይጠይቅ የሚል ነው። ሲፈርስ ያልተጠየቀው ሕዝብ፣ ይቅርታ፣ ሲፈርስ ተጠይቆ እምቢ ያለው ሕዝብ፣ ሲሠራ ግን ይጠየቅ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ለሕዝቡ ያቀረበ መንግሥት የለም።