ሲሄዱ ሩቅ፣ ሲመጡ ቅርብ

አክስቴ ዋሺንግተን ያለችውን ልጇን ጠይቃ የተመለሰች ሰሞን፣ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ ወረወረችብን። "መንገዱ ያው መንገድ። ስሄድ አውሮፕላኑ መሀል ላይ አርፎ ነዳጅ ቀዳ፤ ስመጣ ግን ሳያርፍ ቦሌ ዱብ አለ። ምነው?" "ነፋሱ ነዋ!" ብለን ተገላገልናት። ግማሽ መልስ ነበር። ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት ታሪክ ውስጥ ነው።

እስቲ ከሩቁ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1919 በደጃዝማች ናደው የተመራ የኢትዮጵያ ልዑክ አሜሪካ ሄዶ ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ጋር ተገናኝቷል። ያኔ መንገዱ እስከ ጅቡቲ ባቡር፣ ከዚያ ወዲያ መርከብ ነበር። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1929 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ በ1946 በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በመብረር ሥራውን ጀመረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄት ሲመጣ የልደታው ሜዳ አልበቃ አለ፤ ረጅም ማኮብኮቢያ ያለው ቦሌ ተሠራ። የዋሺንግተን በረራ የተጀመረው በ1998 ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ እንመለስ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲመጡም ሲሄዱም ያው ነው። ሰዓቱ ግን ይለያያል፦ ከዋሺንግተን ሳያርፉ ሲመጡ 13 ሰዓት ገደማ፣ መንገድ ላይ አርፈው ሲሄዱ ግን ከ16 ሰዓት በላይ።

አንደኛው ምክንያት በእርግጥም ነፋስ ነው። ከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ መጪውን ይገፋል፣ ሂያጁን ይገታል። ዋናው ነገር ግን መነሻው መሬት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው፤ የዋሺንግተኑ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ክንፉ በደንብ አይሸከምም፣ ሞተሩም ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት ሸክም መቀነስ አለበት። መንገደኛና ሻንጣ ከመቀነስ ነዳጅ ቀንሶ ተነስቶ፣ እንደ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች አርፎ መሙላት ይሻላል። ለዓመታት የተሠራበትም እንዲህ ነው።

አዲስ አበባ በ1886 ስትቆረቆር ፍልውሃው እንጂ አውሮፕላን በማን ሐሳብ ነበር? ደጋ መኖር ጤና ነው፣ ወባ የለም፣ ብርዱም ለጋቢ ይመቻል። ዋጋው የታየው ልጆቻችን ባሕር ማዶ ከሄዱ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኳት። ጥቂት አሰብ አደረገችና፦

"እና ያን ሁሉ ሰዓት እግሬ ያበጠው አገሬ ከፍ ብላ ነው በይኛ!" አለች። ከዚያ ሲኒዋን አስቀምጣ፣ ለልጇ የምትልከውን በርበሬ መልቀም ቀጠለች።