ከአዲስ አበባ እስከ ሂልብሮው፦ የመንገዱ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ በአየር ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። አውሮፕላን በቀጥታ ሲበር 5 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስድበታል። ርቀቱ ዱሮም ዛሬም ያው ነው። መንገዱን የሚያሳጥረውም የሚያስረዝመውም በሩን የያዘው ሰው መሆኑን ግን ታሪክ ይነግረናል። (ዘመኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኔልሰን ማንዴላ በጥር 1962 ካገራቸው የወጡት ተደብቀው ነው። በመኪና ድንበር ተሻግረው ወደ ዛሬዋ ቦትስዋና ገቡ፤ ከዚያ ዳሬ ሰላምን፣ ምዕራብ አፍሪካንም አዳርሰው ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድን ተሳፈሩ። አብራሪው ጥቁር ሆኖ ቢያገኙት መደንገጣቸውን ራሳቸው ጽፈዋል፤ ከዚያ በፊት ጥቁር አብራሪ አይተው አያውቁም ነበርና። በየካቲት አዲስ አበባ ላይ ከተሰበሰቡት የነጻነት ታጋዮች ጋር ዋሉ፤ በኋላም ተመልሰው ኮልፌ ወታደራዊ ትምህርት ጀመሩ። ትምህርቱ ሳያልቅ ተጠርተው ተመለሱና ነሐሴ 5 ቀን ተያዙ። ከታሰሩባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ሂልብሮው ጥግ ያለው የቀድሞ ምሽግ ነው። ከ2004 ጀምሮ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሚያስችለው በዚሁ ግቢ ነው።

በግንቦት 1963 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች በሰማያቸው እንዳያልፉ አሳሰቡ። በዚያው ዓመት ብዙ አገሮች ሰማያቸውን ዘጉ። የአፓርታይድ መንግሥት አውሮፕላኖችም ወደ አውሮፓ ለመሄድ አህጉሩን በምዕራብ በኩል በውቅያኖስ ላይ ለመዞር ተገደዱ። ያ በር የተከፈተው አፓርታይድ ሲያከትም ነው።

ዛሬ ሰማዩ ክፍት ነው፤ የተዘጋው ቪዛው ነው። ስለዚህ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሌላውም ያገራችን ክፍል የሚነሳ ወጣት በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዚምባብዌን በደላላ እጅ ያቋርጣል። የ5 ሰዓት ተኩሉ መንገድ የሳምንታት፣ ሲብስም የወራት ይሆናል። በየመንገዱ እስር አለ፣ ረሃብ አለ። በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ታሽገው ከመጡ 78 ወገኖቻችን 64ቱ አየር አጥተው ሞተው ተገኙ። የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ።

ወንድሙን ለማስመጣት ለደላላ ገንዘብ የሚልክ ሁሉ ይህን ቁጥር ያስብ። ማንዴላ በየደረሱበት የሚቀበላቸው ወገንና መንግሥት ነበር። የኛን ልጅ በየድንበሩ የሚቀበለው እንደ ዕቃ የሚቆጥረው ነጋዴ ነው። የመንገዱን እውነት ለአገር ቤት ዘመድ መንገር እዚህ የደረስነው ሰዎች ዕዳ ነው፤ ያለፈበት ካልተናገረ ማን ይናገር?